ሳቁን አትቁረጡብን

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለሬዲዮ አድማጮችና ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሬዲዮ ወዳጆች፣ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

አዘጋጆቹ «ስለ ሬዲዮና ስለ ማኅበረሰብ ንግግር አድርግልን» ብለውኛል። እሺ ብዬ መጥቻለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለው ግን አንድ ነገር ነው። ሬዲዮ ላይ የሚሳቅበትን፣ ወጣ ያለ ሐሳብ የሚነሳበትን፣ ማንም ደውሎ የመሰለውን የሚልበትን ሰዓት አትንኩብን!

የማታውን ፕሮግራማችንን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የጣቢያውን ስም አልጠራም። ስክሪፕት አልነበረንም። ማይክ፣ ስልክና አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ሰው ያላሰበው ምን አስበዋል?»

አንድ ምሽት ከቢቸና በኩል አንድ አባት ደወሉ። ሬዲዮአቸውን ስላልቀነሱ ድምፃቸው እየተመለሰ ይጮኻል። «አባቴ፣ ሬዲዮውን ይቀንሱት» አልኳቸው። «ብቀንሰውማ የምናገረውን በምን እሰማዋለሁ ልጄ?» አሉኝ። ቴክኒሻኑ በሳቅ ፍርስ አለ።

ከዚያ ሐሳባቸውን አመጡ። «በሬ እሑድ ያርፋል። በበዓልም አይጠመድም። አህያስ? እሑድም ውሃ ትጭናለች፤ ለበዓል ጌሾውንም ዱቄቱንም የምታመላልሰው እሷ ናት። ለአህያም የዕረፍት ቀን ይቆረጥላት!»

ስልኩ መያዣ አጣ። አንድ ዲያቆን ከደብረ ኤልያስ ደወለና «ቢያንስ ሆሳዕና ዕለት ትረፍ፤ ጌታን የተሸከመች እሷ አይደለችም ወይ?» አለ። ሌላው ዘኍልቁ 22ን ጠቅሶ «የበለዓም አህያ እንኳ አፍ አውጥታ የተናገረችው ሦስት ጊዜ ከተመታች በኋላ ነው፤ የዛሬዎቹ እስኪናገሩ ነው የምንጠብቀው?» አለ። አንድ የደጀን ነጋዴ ደግሞ «አህያ ካረፈች እኔ ምን ልብላ!» ብሎ ተቆጣ። እየሳቅን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አንዲት እናት መስመር ላይ ገቡ። እሳቸው አልሳቁም። «ለአህያዋ ማዘናችሁ ደግ ነው። አህያ በሌለው ቤት ግን እሑድ ውሃውን ማን ይቀዳል? እንስራው በማን ጀርባ ላይ ነው?» አሉ።

የምለው ጠፋኝ። ከዚያ በኋላ የደወሉ ወንዶች አህያዋን ተዉአት። ስለ እናቶቻቸውና ስለ ሚስቶቻቸው አወሩ። አንዱማ «ከነገ ጀምሮ ጀሪካኑን እኔ ነኝ የምይዘው፤ አገር ይስማኝ» ብሎ ቃል ገባ። ስለ ሴቶች የሥራ ጫና ውሎ አበል የሚከፈልበት ወርክሾፕ ተቀምጫለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ እዚያ ሲነሳ አልሰማሁም። በሩን የከፈተው ሳቁ ነው!

በማግስቱ ቢሮ ተጠራሁ። «ፕሮግራሙ ቁም ነገር የለውም» ተባለ። ጥያቄው አስቀድሞ ተጽፎ ይቅረብ፣ ደዋዩ ተመርጦ ይግባ፣ ሳቁ ይቆረጥ። የቀጥታ ስርጭቱ ቀርቶ በቀረጻ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ፕሮግራሙ ራሱ ቀረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይሄን! የፈራችሁት የአድማጩን አፍ ነው፤ የመታችሁት ሳቁን ነው!

ደግሞስ ይህ የሆነው የት ነው? ጎጃም! የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ባሉበት አገር! የቅኔ ተማሪ ሌላው ያለውን ደግሞ ቢያመጣ የትኛው መምህር ይቀበለዋል? ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሐሳብ እያወጣ እያወረደ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፣ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ ይታረማል፣ ይሳቅበታል፣ ሲያምርለትም «ይበል!» ይባላል። በሰምና ወርቅ ጌታውንም ንጉሡንም ሲነካ የኖረ ሕዝብ ማይክ ፊት ሲቀርብ ከወረቀት ያንብብ? እንዴት ተደርጎ!

ሕግ የሚጠቅሱም አሉ። እሺ፣ ሕግ እንጥቀስ። የግል ሬዲዮ በር የተከፈተው በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 178 ነው። የግሉ ሬዲዮ ሸገር 102.1 አዲስ አበባ ላይ አየር ላይ የዋለው ግን በ2000 ዓ.ም. ነው። ከወረቀቱ እስከ ማይኩ ይህን ያህል ዓመት ጠበቅን። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 ደግሞ ለማኅበረሰብ ብሮድካስት ቦታ ሰጥቶታል። ጥላቻና ስም ማጥፋት ክልክል ነው፤ እኔም አልፈልገውም። መሳቅ የሚከለክል አንቀጽ ግን የለም።

ስፖንሰር የለም ይባላል። ወፍጮ ቤቱን፣ ባለሱቁን፣ ማኅበሩን ጠይቃችኋል?

ተማሪዎች፣ ደዋይ ሐሳቡን ሳይጨርስ አትቁረጡት። ለእናንተ ያለኝ ይኸው ነው።

የጣቢያ ኃላፊዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጣችኋል። የምንጠይቃችሁ በሳምንት አንድ ሰዓት ነው። በቀጥታ ይተላለፍ፣ ስልኩ ክፍት ይሁን፣ ጥያቄው ቀድሞ አይጻፍ። እምቢ ካላችሁም ምክንያቱን እዚሁ አድማጩ ፊት ንገሩን። ማይኩ ይኸውላችሁ።

አመሰግናለሁ።