«ቁመት፦ 1.65 ሜትርና ከዚያ በላይ»

የተከበራችሁ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

በመርሐ ግብሩ የተሰጠኝ ርዕስ «የቅጥር መመዘኛዎችና ማስረጃቸው» ይላል። ሰፊ ነው። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንዲት መስመር ነው፤ ሁላችሁም በሥራ ማስታወቂያ ላይ አይታችኋታል፣ አንዳንዶቻችሁም ጽፋችኋታል፦ «ቁመት፦ 1.65 ሜትርና ከዚያ በላይ»። ለጥበቃ ስትጻፍ ዝም አልን። ለእንግዳ ተቀባይ ስትጻፍም ዝም አልን። አሁን ደግሞ «ረጃጅሞች ይሻላሉ የሚል ጥናት አለ እኮ!» የሚል መጥቷል።

አዎ፣ አለ። ተመራማሪዎቹ ጀጅና ኬብል እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ሥራ አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሳንቲ ሜትር፣ በዓመት ከ789 ዶላር የገቢ ልዩነት ጋር እንደሚያያዝ አሰሉ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ አን ኬዝና ክሪስቲና ፓክሰን ደግሞ በ2008 ረጃጅሞች የተሻለ የሚከፈላቸው በአእምሮ ችሎታ ስለሚበልጡ ነው፣ ልዩነቱም ገና በ3 ዓመታቸው ይታያል አሉ። የእኛ ሰው በጨዋታ ረጅሙን ሞኝ፣ አጭሩን ተንኮለኛ ሲል ኖሯል፤ እነሱ ገለበጡት።

ግን ግንኙነቱ ስንት ነው? በቁመትና በአእምሮ ፈተና ውጤት መካከል የሚገኘው ተዛምዶ (0 ማለት ምንም ግንኙነት የለም፣ 1 ማለት ሙሉ ግንኙነት ነው) ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ነው። ትልቁን እንውሰድ። 0.2 በራሱ ሲባዛ 0.04፣ ማለትም 4 በመቶ ይሆናል፤ ከውጤት ልዩነቱ 96 በመቶው ከቁመት ጋር አይያያዝም ማለት ነው። በእኛ ሥራ ስንመነዝረው፦ አመልካቾችን በዕጣ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ 100 ጊዜ ረጅሙን ብትመርጡ፣ በፈተናው የሚበልጠውን የምታገኙት 56 ጊዜ ያህል ነው። ሳንቲም ብትወረውሩ 50 ጊዜ ታገኙታላችሁ። ለዚህች ለ6 ነው ሜትር ይዘን በር ላይ የምንቆመው? የግማሽ ሰዓት የተግባር ፈተና መስጠት አቅቶን ነው?

ምክንያቱ ላይማ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1958 በአንድ ሳምንት ውስጥ በብሪታንያ የተወለዱ ልጆች መረጃ አለ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ፐርሲኮና ባልደረቦቹ ይህን መረጃ ይዘው፣ ገቢን የሚተነብየው የ16 ዓመት ቁመት እንጂ የአዋቂነት ቁመት አይደለም፤ ነገሩ በጉርምስና ከሚገኝ ማኅበራዊ ልምድ ጋር የተያያዘ ነው አሉ። ኬዝና ፓክሰን ያንኑ መረጃ ይዘው የአእምሮ ችሎታ ነው አሉ። መረጃው አንድ፣ ፍርዱ ሁለት።

እኔን የሚያሳምነኝ የጓቲማላው ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 በሁለት መንደሮች ፕሮቲንና ኃይል ሰጪ ምግብ ያለበት አቶሌ የተባለ መጠጥ፣ በሌሎች ሁለት መንደሮች ደግሞ ፕሮቲን የሌለው ቀለል ያለ መጠጥ ታደለ። አቶሌውን እስከ 2 ዓመታቸው ያገኙ ወንዶች ሲያድጉ የሰዓት ክፍያቸው በ46 በመቶ በልጦ ተገኘ። ሕፃን በልቶ ሲጠግብ አጥንቱም ያድጋል፣ አእምሮውም ይጎለብታል። ስለዚህ ቁመትና ችሎታ አብረው ቢታዩ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ እኛ የባሰ ጥፋት እንሠራለን። እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው እጅግ ያጠሩ ነበሩ። በ2016ም 38 በመቶ ነበሩ። የ2000ዎቹ ሕፃናት የት ያሉ ይመስላችኋል? ማመልከቻ ይዘው ደጃችሁ ላይ ተሰልፈዋል! በሕፃንነቱ ከገበታው የጎደለውን ዛሬ ከደመወዙም ልትቆርጡበት ነው? አጭር ሁሉም የቀነጨረ አይደለም፤ በቂ ምግብ ባለበት ኅብረተሰብ ከቁመት ልዩነት 80 በመቶ ያህሉ የዘር ነው። ሜትራችሁ የእናቱን ቁመት ከረሃቡ አይለይም።

በራሳችሁ የሠራተኛ መዝገብ ቁመትና ደመወዝ ለማነጻጸር የምታስቡ ካላችሁ፦ ወንድና ሴትን አትቀላቅሉ፤ ከቀላቀላችሁ የምታገኙት የጾታ የክፍያ ልዩነትን ነው። ዕድሜንም ለዩ፤ ሰው ሲያረጅ ያጥራል፣ ደመወዙ ግን በአገልግሎት ዘመኑ ያድጋል። «ቁመትህ ስንት ነው?» ብላችሁ አትመዝግቡ፤ ወንድ ሲጠየቅ በቁመቱ ላይ ይጨምራል።

ቁመት በእርግጥ የሚያስፈልግበት ሥራ አለ። የበረራ አስተናጋጅ ከላይ ያለውን የድንገተኛ አደጋ መሣሪያ መድረስ አለባት። ያን ጊዜም የሚለካው እጅ ተዘርግቶ የሚነካው ከፍታ ነው።

ከሰዓት በኋላ በሚቀርበው የማስታወቂያ አጻጻፍ ረቂቅ ላይ «አካላዊ ሁኔታ» የሚለው ንዑስ ክፍል እንዲሰረዝ፣ ወይም ከእያንዳንዱ መስፈርት ጎን የሥራው ተግባር እንዲጻፍ ሐሳብ አቀርባለሁ። አመሰግናለሁ።