ነቀዝ፣ ሻጋታና የጤፍ ፓተንት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ፕሮግራም ብዙ ሰው ደወለ፤ ሰዓቱ አልበቃንም። በአየር ላይ ያልደረስኩባቸውንና በየሳምንቱ የሚደጋገሙትን እዚህ በጽሑፍ መለስኩ። እኔ የምግብ ሳይንስ ባለሙያ ነኝ። ስለ ንግድና ስለ መንግሥት ፖሊሲ ስትጠይቁኝ የምነግራችሁ የራሴን አስተያየት ነው፤ ባትቀበሉኝም አልቀየምም። ስለ ሻጋታና ስለ መርዝ የምናገረው ግን አስተያየት አይደለም።

ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ፦ "የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ሆርሞን አለው ይባላል። እውነት ነው?"

የለውም። አስኳሉ የነጣው ከምትበላው መኖ የተነሳ ነው። አብስላችሁ ብሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ "ጤፋችንን ሆላንዶች ወሰዱት ሲባል ሰምተናል። አሁን የማን ነው? እኛስ እዚህ የአሜሪካ ጤፍ እየበላን የአገራችን ለምን አይመጣልንም?"

ጤፍ ማንም አልወሰደውም። የሆነው እንዲህ ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ተፈራረመ። ጤፉን አውሮፓ ውስጥ ሊያስተዋውቅ፣ ጥቅሙንም ሊያካፍል ነበር። በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አገኘ። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፣ ፓተንቱ ግን በሌላ ኩባንያ እጅ ቀጠለ። ለኛ የደረሰን እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለም። በመጨረሻ በ2018 መጨረሻ ላይ የሔግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የሚባል ነገር የለበትም ብሎ ፓተንቱን ሆላንድ ውስጥ ሻረው። እውነቱን ነው። ጤፍ አስፈጭቶ ማቡካት ማን አስተማረን?

እኔን የሚያናድደኝ ፓተንቱ አይደለም። ውል ስንፈርም ማሰሪያውን አጥብቀን አለማሰራችን ነው። ኩባንያው ቢከስር ፓተንቱ የት ይገባል ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄሽ፦ የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ እ.ኤ.አ. በ2006 ተከለከለ። ምክንያቱ የአገር ውስጥ ዋጋ ነው። እንጀራ ግን ተጋግሮ መውጣት ይችላል፤ በአውሮፕላን ይጫናል። በ2015 ለተወሰኑ ትልልቅ እርሻዎች ትንሽ በር ተከፈተ። አይዳሆ ያሉ ገበሬዎች ግን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያመርታሉ። እኛ በሩን ዘግተን ስንቆይ ገበያውን ሌላ ሰው ያዘው። ክልከላውን አልደግፍም። ሸማቹን ለመርዳት የሚሻለው ለገበሬው የተሻለ ዘር አድርሶ ምርቱን ማብዛት ነው። ደመወዝተኛው ግን "አንተ የጤፍ ዋጋ አይታይህም" ቢለኝ አልፈርድበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ አገር ከሱቅ እንጀራ ስትገዢ ማሸጊያውን አንብቢ። የጤፍ እንጀራ ተብሎ ግማሹ ስንዴ ወይም ገብስ የሆነ ሞልቷል። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የማይስማማው ሰው ቤትሽ ካለ ይህ ቀልድ አይደለም።

ከመርካቶ፦ "ማር ሲረጋ ስኳር ገብቶበታል ማለት ነው?"

አይደለም። ንጹሕ ማርም ይረጋል። በክብሪት ለኩሶ የሚፈትነውን ሻጭ ደግሞ ሳቁበትና እለፉ።

ከሐዋሳ፦ "የምንዘራው በቆሎ ጂኤምኦ ነው ይላሉ። በየዓመቱ ዘር እንድንገዛ ያደረጉን ለዚያ ነው?"

ወንድሜ፣ አንተ የምትዘራው ዲቃላ በቆሎ ነው፤ ሀይብሪድ። ሁለት የተመረጡ ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘ ነው። ከእሱ ያገኘኸውን ፍሬ መልሰህ ብትዘራው ምርቱ ይወርድብሃል፣ በየዓመቱ የምትገዛው ለዚህ ነው። ጂኤምኦ ሌላ ነው። በላቦራቶሪ የዘረመል ለውጥ የተደረገበት ማለት ነው።

ስለ ጂኤምኦ ያለው የኢትዮጵያ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ በጣም ጥብቅ ነበር። በ2015 ተሻሽሎ ላላ። በ2018 ቢቲ ጥጥ የሚባለው የጂኤምኦ ጥጥ ተፈቀደ፤ ጥጥ የሚያጠፋውን ጓይ ትል የሚቋቋም ነው። "ጥጥ አይበላም፣ ምን አገባን" የሚሉ አሉ። ፍሬው ዘይት ይሆናል፣ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው ፋጉሎ ለከብት ይሰጣል። ስለዚህ ያገባናል።

የኔ አቋም? ተመርምረው የተፈቀዱ የጂኤምኦ ሰብሎች ሰው ጤና ላይ ጉዳት አደረሱ የሚል አሳማኝ ማስረጃ አላየሁም። የምሰጋው ለሌላ ነው፦ ዘሩን ማን ይቆጣጠረዋል? ማሸጊያ ላይስ ይጻፋል ወይ? ሳይጻፍ እንዴት ታነባላችሁ? እስከዚያው ግን ጂኤምኦ ፈርቶ የሻገተ ለውዝ የሚቆረጥም ሰው ሲገጥመኝ ምን እንደምለው ይጠፋኛል።

ከአዳማ፦ "የፓልም ዘይት ብርድ ሲነካው ይረጋል። ደም ሥራችን ውስጥም እንዲህ ነው የሚረጋው? መንግሥት ለምን አያግደውም?"

ሰውነታችሁ ውስጥ እንደ ጓዳችሁ አይረጋም፣ ይህን ተዉት። ነገር ግን ከስቡ ግማሽ ያህሉ ሐኪሞች ቀንሱ የሚሉት ዓይነት ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት ከዚያ ይሻላሉ።

ማገዱን በተመለከተ፣ አግዶ ምን ይተካል? አብዛኛው የምግብ ዘይታችን ከውጭ የሚገባ ነው። ብር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ የዘይት ዋጋ ወዴት እንደሄደ ለእናንተ አልነግርም። ሰሊጣችንን በጥሬው እየሸጥን ዘይት በዶላር እንገዛለን፤ የኛዎቹ ፋብሪካዎች ደግሞ የቅባት እህል አጥተው ከአቅማቸው በታች ይሠራሉ። እኔ የግብርና ሚኒስትር ብሆን (እግዜር አይበለውና) ከዚያ ነበር የምጀምረው።

በጀሪካን እየተቀዳ የሚሸጠውን አትግዙ። የሚነበብ ማሸጊያ የለውም። ሳምቡሳ የተጠበሰበትን ዘይትም ጥቁር እስኪሆን አታመላልሱት።

ከቡሬ አካባቢ፣ አንድ አባት፦ "በቆሎዬን ነቀዝ ጨረሰው። ከገበያ ኪኒን ገዝቼ በጨርቅ ቋጥሬ በየጆንያው ከተትኩ። ጆንያው ያለው ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ነው። ነቀዙ አልሞት ብሏል። ስንት ልጨምር? ከስንት ቀን በኋላስ ይፈጫል?"

አባቴ፣ አንድም እንዳይጨምሩ። ልጆቹም ዛሬ እዚያ ክፍል አይተኙም። ይህን በስልኩ ነግሬዎታለሁ፣ እዚህም የምደግመው ይህን የሚያደርጉት እርስዎ ብቻ ስላልሆኑ ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰው ይጠይቀኛል። በየሳምንቱ ልቤ ይቆማል።

ያ ኪኒን አልሙኒየም ፎስፋይድ ይባላል። ገበያ ላይ ፎስቶክሲን ወይም ዝም ብሎ የነቀዝ ኪኒን ይሉታል። አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ያ ጋዝ ነው። ጋዙ ነቀዝና ልጅ አይለይም። ማርከሻ መድኃኒትም የለውም፤ ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሐኪሙ የሚያደርገው ሰውነት እንዲቋቋም መደገፍ ብቻ ነው። አንዳንዴ የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ አለው፤ አንዳንዴ ሳይሸት ይጎዳል። ስለዚህ "አልሸተተኝም" አትበሉኝ። አፍንጫ ላቦራቶሪ አይደለም።

ነቀዙ ለምን አልሞተም? ጆንያ ጋዝ አይይዝማ! ጋዙ ከጆንያው እየወጣ ቤቱ ውስጥ ይገባል። ነቀዙ ትንሽ ደንዘዝ ብሎ ይነሳል፣ ልጆቹ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱት ያድራሉ። ኪኒን በጨመሩ ቁጥር የሚጨምሩት ለነቀዙ ሳይሆን ለልጆቹ ነው።

ይህ ነገር የሠለጠነ ሰው፣ ሰው በማያድርበት መጋዘን፣ እህሉን አየር በማያስወጣ ሸራ ሸፍኖ፣ ጭምብል አድርጎ የሚጠቀምበት ነው። ፀረ ተባይ የሚመዘገብበትና የሚቆጣጠርበት አዋጅ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አለን። ጉልት ላይ ከጨውና ከበርበሬ ጎን በፍሬ ሲቸረቸር ግን የሚጠይቅ የለም። ስለ ዓለም ንግድ ሳወራ የሚያጨበጭቡልኝ ባለሥልጣናት ይህን ሳነሳ ሰዓታቸውን ያያሉ።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ሰውም ከብትም ከዚያ ቤት ይውጣ። በርና መስኮቱ ይከፈት። ኪኒኑ ላይ ውኃ እንዳይፈስበት፣ ሽንት ቤትም እንዳይጣል፤ ውኃ ሲነካው ጋዙ በአንድ ጊዜ ይወጣል። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይጥሩ፤ ኪኒኑንም እህሉንም እሱ ይየው። ይፈጭ አይፈጭ የሚለውን እኔ በስልክ አልፈርድም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ደረት መጨነቅ ወይም ትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው ካለ ግን ባለሙያ አትጠብቁ፣ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ወተት፣ ቅቤ፣ አረቄ ብላችሁ ጊዜ አታቃጥሉ።

ለሚቀጥለው ዓመት ፒክስ የሚባለውን ከረጢት ይግዙ። ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ፣ ውጪው ማዳበሪያ ነው። እህሉን ሞልተው እያንዳንዱን ለብቻው ጥብቅ አድርገው ያስራሉ። ነቀዙ አየር ያጥረውና ይሞታል፤ መርዝ የለ፣ ምን የለ። ታዲያ በቆሎው በደንብ መድረቅ አለበት፣ እርጥቡን ካሰሩት ይሻግትብዎታል። መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ደረቅ ጨውና ጥቂት በቆሎ ከተው ደጋግመው ይነቅንቁ። ትንሽ ያቆዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ገና አልደረቀም።

እዚሁ ሳለሁ፦ መድኃኒት የተለወሰውን ቀይ ዘር አጥባችሁ የምታስፈጩ አላችሁ። አውቃለሁ፣ ተርፏችሁ ነው፣ ተወዶባችሁ ነው። አይበላም። ቀለሙ የተቀባው አይበላም ለማለት ነው። የመርዝ ጀሪካን አጥቦ ጠላ ወይም ውኃ የሚያስቀምጥም አለ። ተዉ! ለምኜአችኋለሁ።

ከፍራንክፈርት፦ "የኢትዮጵያ በርበሬ አውሮፓ ሲገባ ተለይቶ ይፈተሻል። ይህ ንቀት አይደለም?"

አይደለም እህቴ። እኛ ብቻ አይደለንም፤ የብዙ አገር ቅመምና ለውዝ እንዲሁ ይፈተሻል። ምክንያቱ አፍላቶክሲን ነው። አንድ ዓይነት ሻጋታ የሚሠራው መርዝ ነው፤ ለዓመታት ሲጠራቀም የጉበት ካንሰር ያመጣል። በምድጃ እሳት አይጠፋም፣ ስለዚህ "እናቁላላዋለን" አይባልም። ሻጋታው ከታየ ተመርጦ ወጥቶ የቀረው ይበላልም አይባልም፤ መርዙ ለዓይን አይታይም። ሰሊጣችንም ሳልሞኔላ ለሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይፈተሻል።

እኔን የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። አውሮፓ ደጃፍ ላይ የሚመለሰው በርበሬ እኛ አገር ገበያ ላይ ማንም ሳይነካው ይሸጣል። ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ደጅ እየጠናን ነው። ገባንም አልገባንም፣ ፍተሻውን መጀመር ያለብን ለራሳችን ሆድ ነው። ወተቱንም ጭምር። አዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ጥናት ወተት ውስጥ ይኸው መርዝ ተገኝቷል፤ ዋናው ምንጭ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር።

እናትሽ በርበሬውን የሚያሰጡት መሬት ላይ ከሆነ ከፍ ያለ ነገር ላይ አድርጉ በያቸው። ዝናብ ሲመጣ ያንሱት። ሳይደርቅ ማዳበሪያ ውስጥ አይክተቱት። እርጥበት፣ እርጥበት፣ እርጥበት! ሰልችቷችሁ ይሆናል፣ እኔ ግን አላቆምም።

ከጎንደር፦ "አዮዲን ያለው ጨው ከተራው በምን ይለያል?"

ልጅን ከአእምሮ ዝግመት፣ አንገትን ከእንቅርት ይጠብቃል። በሕግ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በክዳን ዝጉት፣ ወጡ ሲወርድ ጨምሩት። ማሸጊያውንም አንብቡ።

ከደብረ ብርሃን፦ "ለመጀመሪያ ጊዜ ለማርገዝ እያሰብኩ ነው። ዱቄት ላይ ቫይታሚን ይጨመራል ሲባል ሰማሁ። እሱን ዳቦ ብበላ ይበቃኛል?"

አይበቃሽም። የስንዴ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድና ሌሎችም እንዲጨመሩ፣ ዘይት ላይም ቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲገቡ አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል። ጥሩ ፖሊሲ ነው፤ ከልቤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ሁሉም ወፍጮ አያደርገውም። አንቺ ደግሞ የምትበዪው ጤፍ ከሆነ ጭራሽ አይደርስሽም።

ፎሊክ አሲድ የሚያስፈልገው ከመጸነስ በፊት ነው። የልጁ አከርካሪና ጭንቅላት የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ነው። ጤና ጣቢያ ሂጂና "ለማርገዝ አስቤአለሁ" በያቸው። ኪኒኑን መጠኑን አስተካክለው ይሰጡሻል። ከጎረቤት ተቀብለሽ አትዋጪ፣ እኔንም መጠኑን አትጠይቂኝ።