14 ሰከንድ እና 13 ዓመት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ስለ ትምህርቱ ሳይሆን፣ ዓይናችን ከመልመዱ የተነሳ አልፈናቸው ስለምንሄድ ነገሮች። እኔን ሁሌ የሚያስገርመኝ ግማሽ ደቂቃ መታገሥ ያቃተው ሰውና ዕድሜ ልኩን የሚጠብቅ ሰው እዚያው አንድ ግቢ ውስጥ መኖራቸው ነው።

ከማይታገሠው እንጀምር። «ሳሩን አይርገጡ» የሚል ሰሌዳ ቆሟል፤ ሰሌዳውን ታክኮ ደግሞ ወለል ያለ የእግር መንገድ። ሒሳቡን እንሥራው። ከዶርም ወደ ክፍል የሚወስደው ንጣፍ 40 ሜትር ሄዶ ይታጠፍና ሌላ 30 ሜትር ይቀጥላል እንበል። በድምሩ 70 ሜትር። ሳሩን በሰያፍ ያቋረጠ ሰው 50 ሜትር ብቻ ተራምዶ ይደርሳል፣ 20 ሜትር አተረፈ። ሰው በደህናው እርምጃ በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ይሄዳል። እንግዲህ ያ ሁሉ ሳር የሚያልቀው ለ14 ሰከንድ ነው!

ሳሩን የሚገድለው ደግሞ ቅጠሉ መረገጡ ብቻ አይደለም። ዋናው ጉዳት ከሥር ነው። አፈር ውስጥ አየርና ውሃ የሚተላለፉባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በተረገጠ ቁጥር ይደፈናሉ። ሥሩ አየር ያጣል፣ ዝናብ ሲጥል ውሃው መስረግ አቅቶት ይቋጥራል። ከዚያ ጭቃ ይሆናል። ጭቃውን የሸሸ ሰው ጠርዙን ይረግጣል፣ ጠርዙም በተራው ይሞታል። አንድ ሰው የሚያሳልፍ የነበረው መንገድ ሦስት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ ሆኖ ቁጭ።

አትክልተኞች መጀመሪያ ገመድ ይወጥራሉ። ሰው በገመዱ ጫፍ ይዞርና ሁለተኛ መንገድ ያወጣል። ቀጥለው ዘር ይበትናሉ፤ የተጠቀጠቀ አፈር ላይ የተዘራ ሳር ብቅ ይልና ሥሩ መውረድ ሲያቅተው ይደርቃል። መዝራት ካስፈለገ መጀመሪያ አፈሩን 10፣ 15 ሳንቲሜትር ያህል ቆፍሮ ማላላት ይገባል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ክርክሩን ትቶ ሰያፉን ማንጠፍ ነው የሚሻለው። ያኔም ሁለት ሰዎች ሳይገፋፉ እንዲተላለፉ ስፋቱ ቢያንስ 1.5 ሜትር ይሁን። አዲሱ መንገድ ከነባሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ደግሞ ሰፋ አድርጎ ማጠፍ ነው፤ ሹል ጥግ ከተተወ እሱም ይቋረጣል።

ትዕግሥት ማጣት አንዳንዴ ያልታሰበ ነገርም ይወልዳል። እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ቡና ብለው ሲመጡ ማንቆርቆሪያውን ባዶ ያገኙት ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. ካሜራ ደቀኑበት (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ 128 በ128 ፒክስል ብቻ። ቡና መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? በ1993 ኢንተርኔት ላይ ወጣ፤ እስከ 2001ም ሠራ። የዓለም የመጀመሪያው ዌብካም የሚባለው እሱ ነው።

ወደ ታጋሾቹ ስንመጣ፣ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከ1840 ጀምሮ የሚመታ የኤሌክትሪክ ደወል አለ። ድርብ መስታወት ስለከለለው ድምፁ አይሰማም። ባትሪው ከምን እንደተሠራ በትክክል ለማወቅ መክፈት ይጠይቃል፣ ከተከፈተ ደግሞ ሙከራው አበቃ። ስለዚህ ማንም አይነካውም።

የሁሉም አለቃ ግን አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው። በ1927 ቶማስ ፓርኔል የተባሉ የፊዚክስ መምህር በመዶሻ ሲመታ የሚሰባበር ሬንጅ ፈሳሽ መሆኑን ለተማሪዎች ለማሳየት ፈለጉ። ሬንጁን አሙቀው ጫፉ በታሸገ የመስታወት ማጥለያ (ፈነል) ውስጥ ጨመሩት፣ እስኪረጋ 3 ዓመት ጠበቁት፣ በ1930 ጫፉን ቆረጡት። የመጀመሪያዋ ጠብታ የወደቀችው በ1938 ነው። እስካሁን የወደቁት 9 ብቻ ናቸው። ሕንጻው አየር ማቀዝቀዣ ከገባለት ወዲህ ደግሞ ፍጥነቱ ጭራሽ ቀነሰ፤ ሬንጅ ሲቀዘቅዝ ይወፍራላ።

የዚያው ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ጆን ሜይንስቶን ከ1961 ጀምሮ ሙከራውን ሲጠብቁ ኖረዋል። በ1988 የሚጠጣ ነገር ሊያመጡ ወጣ ሲሉ ጠብታዋ ወደቀች። በ2000 ስምንተኛዋን ለመቅረጽ ካሜራ ተተክሎ ነበር፣ ካሜራው ተበላሸ። በ2013 አረፉ፣ አንዲትም ጠብታ ስትወድቅ ሳያዩ። ዘጠነኛዋ በ2014፣ ከስምንተኛዋ 13 ዓመት ቆይታ፣ የታችኛውን ብርጭቆ ሲቀይሩ መቀመጫው ተንቀጠቀጠና ተበጠሰች። ስምንተኛዋን ከሥሯ አለማንሳታቸው ነው ነገሩን ያበላሸው፤ ብርጭቆው ሞልቶ ስለነበር አዲሷ መውረጃ አጥታ እላይዋ ላይ አርፋ ነበር።

አሁን ዐሥረኛዋ እየተንጠለጠለች ነው። ቀጥታ ስርጭቱ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ አንገቷ መቅጠን ሲጀምር ተቃርባለች ማለት ነው። ልታዩ ካሰባችሁ ስልካችሁን ቻርጀር ላይ ሰኩት። ቻው፣ በሚቀጥለው ክፍል እንገናኝ።