ፖለቲካውን ከድንኳኑ አናስወጣው

ጤና ይስጥልኝ የእድራችን አባላት። ጋሼ ሊቀመንበር፣ ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ የተነሳሁት ልቃወምዎት ስለሆነ ምስጋናውን ላስቀድም ብዬ ነው።

ደንባችን ላይ «በለቅሶም ሆነ በስብሰባ ፖለቲካ ያነሳ ይቀጣል» የሚል አንቀጽ ይጨመር ተብሏል። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያገናኘን ዕጣ ነው። አንዱ መሀል ከተማ ሲከራይ ኖሮ የመጣ ነው፣ አንዱ ከክፍለ ሀገር፣ ከግቢው ወጣ ስንል ደግሞ ከኛ በፊት እዚሁ ያርሱ የነበሩ ጎረቤቶች አሉን። አንዱ የሚያለቅስለትን ሌላው ይረግመዋል። በጨዋታ መሀል በተጀመረ ክርክር ለቅሶ መደራረስ የተወ ሰው አለ። ጋሼ የፈሩት ይሄን ነው፣ እውነታቸውን ነው።

ግን ዝም በል ስለተባለ ሐሳቡን የሚተው ሰው የለም። ቤቱ ገብቶ ስልኩን ይከፍትና የሚስማሙትን ብቻ ሲሰማ ያመሻል፤ ቲክቶክ ላይ ደግሞ ከሚያስረዳው ይልቅ የሚሳደበው ነው ተመልካች ያለው። ጠዋት ደረጃ ላይ «እንደምን አደርክ» ይለኛል፣ በልቡ ግን ጠላት አድርጎኛል። እኔስ ብትሉ?

ታላላቆቻችን የደረሰባቸውን አስቡት። ኢሕአፓና መኢሶን የሚባሉት የአብዮቱ ዘመን ፓርቲዎች ከአንድ የተማሪ ንቅናቄ ነው የወጡት፣ ሁለቱም ሶሻሊስት፣ ሁለቱም «መሬት ላራሹ» ባዮች። የተለያዩት ደርግን ምን እናድርገው በሚለው ነበር፤ ኢሕአፓ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ አለ፣ መኢሶን ሂሳዊ ድጋፍ እንስጠው፣ ማለትም እየተቸን እንደግፈው አለ። ቁጭ ተብሎ ሊከራከሩበት የሚችሉት ነገር እኮ ነው! ተከራክረውበታልም፣ በጋዜጣ ሳይቀር። «ባንዳ»፣ «አናርኪስት» መባባል ሲመጣ ግን ማን ማንን ይስማ? ጥይት ተከተለ። በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር ስንት ወጣት እንደረገፈ ከናንተ መሀል በዓይኑ ያየ አለ። ደርግም ኢሕአፓን ሲመታ ቆይቶ ወደ መኢሶን ዞረ።

ስለዚህ አንቀጹ ይቀየር ነው የምለው። የሚቀጣው ፖለቲካ ያነሳ ሳይሆን፣ መልስ ሲያጣ የሰውን ብሔር የሚጠራና ስም የሚለጥፍ ይሁን። የሚቃወም ሰውም መጀመሪያ «ያልከው እንዲህ ነው አይደል?» ብሎ ይጠይቅ፣ «አዎ» ሲባል ይቀጥል። ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔ ከባለቤቴ ወንድም ጋር ሞክሬው «አዎ» እስኪለኝ ቡናው በረካ ደርሷል።

ጋሼ፣ ሁለቱም አንቀጾች ለድምፅ ይቅረቡልን። የእርስዎ ካሸነፈ የመጀመሪያውን ቅጣት እኔ እከፍላለሁ፣ ማንሳቴ ስለማይቀር።