ማንን ነው የሚጠራው?

እሺ... ዛሬ ስለ አዲሱ ሥራዬ ላወራችሁ ነበር፣ ቃል ገብቼላችሁ ነበር። አልሆነልኝም። የታፊ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

አዎ፣ እንቁራሪቱ። እዚሁ አትላንታ፣ ቦታኒካል ጋርደን የነበረው። ቅዳሜ ማታ በ2014 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የተቀዳውን ድምፁን ከፍቼ እየሰማሁ ነው። አጭር ነው፣ ሻካራ። ይጮሃል፣ ዝም ይላል። ደግሞ ይጮሃል። እማዬ የቆላችውን ቡና እንዳሸትተው ይዛ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ማንን ነው የሚጠራው?»

«ሴቷን።»

«ታዲያ የት አለች?»

«ትመጣለች» አልኳት።

ለምን እንደዚያ አልኩ? አትመጣም እኮ። የመጨረሻዋ ሴት በ2009 ሞታለች። ሌላኛው ወንድ በ2012 ሞተ። ያን ጊዜ ሲጮህ፣ ከዘሩ በሕይወት እንዳለ የሚታወቅ ሌላ በዓለም ላይ አልነበረም። እሱም በመስከረም 2016 ሄደ። እማዬ ግን ጭሱን ወደኔ እያራገበች «እሰይ» አለች። «እሰይ» አለች እኮ!

አገሩ ፓናማ ነው፣ ኤል ቫዬ አካባቢ ያለው ደመናማ ጫካ። ከዛፍ ዛፍ ሲዘል በጣቶቹ መሃል ያለውን ቆዳ ዘርግቶ ይንሳፈፋል። ሴቷ ውሃ ባቆረ የዛፍ ሽንቁር ውስጥ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፣ የሚጠብቀው አባትየው ነው። ልጆቹ ገና ጅራታም ሳሉ ከገላው የሚረግፈውን ቆዳ ይበላሉ። ከራሱ ገላ ነው የሚያበላቸው። እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌ ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

በ2005 ተመራማሪዎች ጥቂቶቹን ከጫካው አውጥተው ወደዚህ አመጧቸው፣ እንቁራሪቶችን የሚገድል ፈንገስ እየመጣ ስለነበር። በ2006 ደረሰ። እንቁራሪት ውሃና ጨው የሚያስገባው በቆዳው ነው፣ ፈንገሱ ቆዳውን ሲይዘው በመጨረሻ ልቡ ይቆማል። በ2007 ጫካው ውስጥ አንድ ሲጮህ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ የለም። የራሳቸው ሳይንሳዊ ስም እንኳ የወጣላቸው በ2008 ነው፣ ጫካው ዝም ካለ በኋላ።

ባያመጧቸውስ? እዚያው ያልቁ ነበር። ግን ደግሞ እዚህ ብቻውን... አላውቅም። ትክክል ሠርተዋል ብዬ አስባለሁ። ማታ ማታ ግን እንደዚያ አላስብም።

እማዬ ቡናውን እየቀዳች የቦንጋን ክረምት አነሳች። ልጅ ሳለች ዝናቡ ሲያባራ ከዛፉ ላይ የሚጮኹት እንቁራሪቶች እንቅልፍ ይነሷቸው ነበር። «አሁንም ይጮኻሉ?» አልኳት። «እትዬን ደውለሽ ጠይቂያት» አለችኝ።

ስልኩን አንስቼ ነበር። እዚያ ሌሊት ነው ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ትናንት ደግሞ... ትናንት እንኳ ሌሊት አልነበረም።