ሮስተሩን ምስጥ ሳይጨርሰው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ላወራችሁ ነው። ስሟን አልጠራም፤ የማነሳው ነገር ደስ የማይለው ሰው ይኖራል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትወጡ፣ የደንገጎን ዳገት ሳትጨርሱ በጥርጊያ መንገድ ተገብቶ የምትገኝ ናት። ግድግዳዋ ድንጋይ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ደወሏ ደግሞ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ ወዲህ በእኛ አገር ሐዲድ የማይሆነው ነገር የለም፤ ምሰሶ ይሆናል፣ የአጥር ቋሚ ይሆናል፣ ደወልም ይሆናል።

በሯ ላይ ያለው ታፔላ የተመሠረተችበትን ዓመት ይናገራል። አትመኑት። ታፔላው የሚያውቀው የመጨረሻው ብሎክ የተመረቀበትን ቀን ነው። ሰፈሩን ብትጠይቁ አንዱ ልጆች ዛፍ ሥር ከተሰበሰቡበት ጊዜ ይቆጥራል፣ ሌላው ክፍሎቹ ከተሠሩበት። በንጉሡ ዘመን ማብቂያና በደርግ ጊዜ፣ በስዊድን እርዳታ በየገጠሩ ብዙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሠርተዋል። ነዋሪው ግን ነፃ አልተሰጠውም፤ የድርሻውን ያዋጣ ነበር። ይቺም ከእነሱ አንዷ ናት ይላሉ። አንድ ሽማግሌ «ቆርቆሮው በመኪና መጣ፣ ድንጋዩ በእኛ ጀርባ» አሉኝ። እኔ የምቀበለው የእሳቸውን ቆጠራ ነው።

ዋናው ታሪክ ያለው ግን ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ሮስተሮቹ፣ የተማሪ ስምና ውጤት የሚሰፍርባቸው መዝገቦች! ከተሰበረ ዴስክና ከኖራ ከረጢት ጀርባ ተቆልለዋል። ምስጥ ጠርዝ ጠርዙን በልቷቸዋል። ገለጥ ስታደርጉት በማስመሪያ የተሰመረ መስመር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተደረደረ ስም። የወደቀ በቀይ። የድሮ አስተማሪ የእጅ ጽሑፍ ውበቱ! መጨረሻ ላይ «ምርመራ» የምትል ጠባብ ዓምድ አለች። እዚያ ውስጥ «ተዛወረ»፣ «አቋረጠ»፣ «አቋረጠች»። አራተኛ ክፍል ላይ ስትደርሱ «አቋረጠች» ይበዛል። ምክንያቱን የጻፈ የለም። ማንስ ጠፍቶት? ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? እናት ጫት ልትሸጥ አወዳይ ስትወርድ ሕፃን የሚይዘው ማን ነው?

የ1970 ሮስተር የለም። ምስጥ በልቶት አይደለም። በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ አፋፍ ደርሶ ነበር። መስከረም ሲጠባ ጅጅጋ ተያዘች፤ እስከ ካራማራ ድል፣ እስከ የካቲት 1970 ድረስ እንደተያዘች ቆየች። ያን ዓመት ማን ምዝገባ ያካሂዳል?

ቀጥሎ የመጣው ለእኔ ከሁሉም የሚያስገርመኝ ነው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ቀን ልጆቹ የተቀመጡበት ዴስክ ላይ ማታ አባትና እናት በፋኖስ ይቀመጣሉ። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ኦሮምኛም አንዱ ነበር፤ የሚጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ነበር። እኚያ ድንጋይ የተሸከሙት ሽማግሌ በገዛ ቋንቋቸው ማንበብ የቻሉት ያኔ ነው።

መንግሥት ተለወጠ። በ1984 ቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል መጣ፣ በ1986 ደግሞ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ የሚለው ፖሊሲ ወጣ። ሮስተሩ ላይ ወለል ብሎ ይታያል። አንደኛው መዝገብ ላይ ስሙ ሁሉ በፊደል ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ስታነሱ በላቲን። የሰፈሩ ሰዎች ያው ናቸው፣ የአባት ስሞቹም ያው ናቸው።

ሽማግሌው ቤት የልጅ ልጃቸው ደብተሯን ዘርግታ አየኋት። ኦሮምኛ ነው፣ እሳቸው ግን ማንበብ አይችሉም። እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሳቸው አነጋገሯን ያርማሉ። የከብት ስም ስትሳሳት አይምሯትም። እኔ ልጅ በቋንቋው መማሩን አጥብቄ እደግፋለሁ፤ ያልገባው ትምህርት በሩቅ የሚሰማ ራዲዮ ነው። ግን አቦ፣ እኚያን ሰውዬስ? በማታ ትምህርት ለፍተው የያዙትን ንባብ በአንድ ውሳኔ ተቀሙ። ሁለተኛ ዙር የማታ ክፍል ቢከፈትላቸው ስንት ያወጣ ነበር?

አሁን ወደ ችግሩ። ዕቃ ቤቱ ለመጽሐፍ ማስቀመጫ ተፈልጓል፣ «አሮጌው ወረቀት» ይቃጠል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ለመንን፣ ተከራከርን፣ ማቃጠሉ ለጊዜው ቆሟል። የቻልኩትን ያህል ገጽ በስልኬ አንስቻለሁ፤ ዋናውን ግን አይተካም። የተማሪ ማስረጃ ጠፍቶበት የሚመጣ ሰው አሁንም አለ፣ እሱ ማኅተም ያለበትን ነው የሚፈልገው።

ገንዘብ አዋጡ አልልም። ድሬም ሐረርም ያላችሁ፣ ቢሮ ስትቀይሩ ወይ ዕቃ ስታራግፉ የተረፈ የብረት ካቢኔ ካላችሁ ጻፉልኝ። ድሬ ቀፊራ ገበያ ጠይቄ ነበር፣ አሮጌውም ዋጋው አይቀመስም። ቀለሙ ቢላጥ፣ ቁልፉ ቢጠፋ ግድ የለም። መጫኛ አይሱዙ የሚያመጣ ጓደኛ አለኝ፣ ነዳጁን እኔ እችላለሁ። ብቻ ብረት ይሁን፤ እንጨት ከሆነ ምስጡን መቀለብ ነው።