የንፍሮው ውሃ

ሰላም፣ እንደምን አመሻችሁ። ቀን ላይ የምትሰሙኝም እንደምን ዋላችሁ። ይህን የምቀዳው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነው። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ ወሩም ታኅሣሥ ነው። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል። ጋቢዬን ተከናንቤ ነው የማወራው። አጠገቤ ጠረጴዛው ላይ 40 ኩኪስ ተደርድሮ እየደረቀ ነው። እስከ ጠዋት ማንም አይነካውም። እኔም ቁጭ ብዬ ከምጠብቅ ስለ እሱ ላውራችሁ አልኩ።

ነገሩ ሮያል አይሲንግ ይባላል። ኩኪስ ላይ ተደርጎ ሲደርቅ ጥንክር የሚል፣ ጣት ላይ የማይለጠፍ የስኳር ቅብ ነው። ኬክ ቤት የምናውቀው ክሬም አይደለም። ክሬም ቅቤ አለው፣ እንደለሰለሰ ይቀራል። ይሄኛው ቅቤ የሚባል ነገር አይወድም። የእንቁላል ነጭ፣ የተፈጨ ስኳር፣ ትንሽ ሎሚ፣ በቃ።

ቅቤ አይወድም ስል የማውቀው በደረሰብኝ ነው። የዛሬ አራት ዓመት መጀመሪያ ስሞክረው እማዬ የሸኖ ቅቤ የምታስቀምጥበትን የላስቲክ ሳህን አጥቤ ተጠቀምኩ። በደንብ አጥቤዋለሁ ብዬ ነበር። ግማሽ ሰዓት መታሁት፣ ክንዴ ዛለ፣ ነጩ ግን እንደ ውሃ ፈሰስ እንዳለ ቀረ። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። የእንቁላል ነጭ ሲመታ አየር ይይዛል። አየሩን አቅፎ የሚያቆመው በውስጡ ያለው ፕሮቲን ነው። ትንሽ ቅባት ከነካው ያ እቅፍ ይፈታል። ላስቲክ ደግሞ ቢታጠብም ቅባት አይለቅም። አሁን የብርጭቆ ወይም የብረት ሳህን ነው የምይዘው፣ እሱንም ቀድሜ በሎሚ እወለውለዋለሁ። አስኳልም ጠብ እንዳይልበት እጠነቀቃለሁ፣ አስኳል ቅባት ነውና።

ለሁለት የእንቁላል ነጭ ከ350 እስከ 400 ግራም ስኳር ይገባል። ሎሚው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። አይሲንግ ሹገር የሚባለው ዱቄት ስኳር እኛ ጋ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። ሲጠፋ ተራውን ስኳር በጁስ መፍጫ እፈጨዋለሁ። ከዚያ በወንፊት፣ ከወንፊት ቀጥሎ ደግሞ በንጹህ የነጠላ ቁራጭ እነፋዋለሁ። ሥራ ይበዛዋል፣ አውቃለሁ። ግን አንዲት ያልደቀቀች የስኳር ፍሬ ካመለጠች አይሲንጉን የምጨምቅበትን ከረጢት ጫፍ ትደፍነዋለች፣ መስመሩም መሃል ላይ ይቆረጣል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የእንቁላሉ ነጭ ጥሬ ነው። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አዛውንት ለሚበላው ከሆነ ነጩን ከስኳሩ ጋር አድርጋችሁ፣ ሳህኑን ከሚፈላ ውሃ በላይ አስቀምጣችሁ፣ እያማሰላችሁ 71 ዲግሪ እስኪደርስ አሙቁት። ከዚያ አውርዳችሁ ምቱት። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የደረቀ የእንቁላል ነጭ ዱቄት ይሸጣል፣ እሱን ፈልጉ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ። ውፍረቱ። አንድ ሳህን አይሲንግ ብዙ ዓይነት ሥራ ይሠራል፣ ልዩነቱ ጥቂት የውሃ ጠብታ ነው። ጠንከር ያለው አበባ ይሠራል። መካከለኛው የኩኪሱን ዳር ያጥራል። ቀጭኑ ደግሞ በአጥሩ ውስጥ ፈሶ ሜዳውን ይሞላል። ለመሙያው መቅጠኑን የማውቀው በመቁጠር ነው። በማንኪያ አንስቼ ወደ ሳህኑ እለቀዋለሁ፣ የወደቀው ክር ሰምጦ ፊቱ ልሙጥ እስኪሆን እቆጥራለሁ። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ከወሰደ ደርሷል። ቶሎ ከጠፋ ቀጥኗል፣ ከዳር ያመልጣል። ካልጠፋ ወፍሯል፣ ጉብታ ይሆናል። ውሃውን በጠብታ ነው የምጨምረው። ሳህኑን ደግሞ ሁሌ በእርጥብ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ፣ የእኛ የበጋ አየር በደቂቃ ቆዳ ያበጅበታል።

ዳሩን ማጠር ግን ለረጅም ጊዜ አቃተኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የከረጢቱን ጫፍ ኩኪሱ ላይ ጫን አድርጌ እየጎተትኩ እሄዳለሁ፣ መስመሩ እባብ ይመስላል። አንድ ቀን እማዬ በሩ አጠገብ እንዝርቷን ይዛ ትፈትላለች። እማዬ የመንዝ ሰው ናት። ልጅ ሆና የበግ ጠጉር ፈትላለች፣ የበርኖስና የባና ክር። ደብረ ብርሃን ከገባች ወዲህ ጥጥ ነው የምትፈትለው። ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝና «አትጫኚው» አለች። «አንሺውና ልቀቂው። ክር በግድ አይቀጥንም፣ እጅ ሲለሰልስለት ነው የሚቀጥን።» ከዚያ ከባዘቶው ላይ እየሳበች እጇን ወደ ላይ ስታነሳ አሳየችኝ።

እኔም ጫፉን ከኩኪሱ ላይ አነሳሁት። አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ ከረጢቱን በእኩል ግፊት ጨመቅኩ። አይሲንጉ በአየር ላይ ክር ሆኖ ወረደ፣ እኔ የማደርገው የሚያርፍበትን ቦታ መምራት ብቻ ሆነ። ቀጥ አለ! ዕድሜዋን ሙሉ እዚያው በር ላይ ተቀምጣ እያለች እኔ ግን ከስልክ ላይ ነበር የምማረው። ቪዲዮዎቹም ሲያደርጉት አይቼዋለሁ፣ ግን ክር ስለመሆኑ የነገረኝ አልነበረም።

ሞልቶ ሲያበቃ ትናንሽ የአየር አረፋዎች ፊቱ ላይ ይወጣሉ። በስቴኪኒ ወጋ ወጋ ማድረግ ነው፣ ያውም ሳይደርቅ ቶሎ። ከዚያ መጠበቅ። ከስድስት ሰዓት እስከ ሙሉ ቀን።

በበጋ ደብረ ብርሃን ለዚህ ሥራ የተሠራች ነው የምትመስለኝ። አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋሱም አለ። በክረምት ግን ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ለአንድ ጎረቤታችን ልጅ ምርቃት 60 ኩኪስ ሠራሁ። ጥቁር ቆብ፣ ከሥሩ ነጭ መደብ። ጭጋጉ ከቤት አልወጣ ብሎ ሰንብቷል። ነጩ ሳይደርቅ ጥቁሩን ጨመርኩበት፣ ቸኩዬ ነበር። ማታ ጥቁሩ ወደ ነጩ መስረግ ጀመረ። ደንግጬ ትሪዎቹን የከሰል ምድጃው አጠገብ ደረደርኳቸው፣ ቶሎ ይድረቁልኝ ብዬ። ሙቀቱ የኩኪሱን ቅቤ አቀለጠው። ቅቤው ከሥር ወጥቶ ነጩን በቢጫ ነጠብጣብ ሞላው። ጠዋት ያንን ትሪ ሳይ አለቀስኩ። ለልጅቷ ቃል ገብቼ ነበር፣ ለእናቷ ቃል ገብቼ ነበር። ያለ ጌጥ ሌላ ጋግሬ ሰጠኋቸው፣ ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። እኔ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን በክረምት ቀለም በቀለም ላይ ስጨምር በመሃሉ አንድ ሌሊት አሳድራለሁ። ጥቁርና ቀይ ለታዘዘ ደግሞ ተጨማሪ ቀን እጠይቃለሁ።

ሮያል የሚለው ስም ከየት መጣ የምትሉ ካላችሁ፣ ብዙ ሰው ከንግሥት ቪክቶሪያ ሠርግ ጋር ያያይዘዋል። በፈረንጆቹ 1840 ልዑል አልበርትን ስታገባ ኬኳ በነጭ የስኳር ቅብ ተሸፍኖ ነበር። ያን ጊዜ በደንብ የተጣራ ነጭ ስኳር የሀብታም ነገር ነው። ይህን ሳነብ የቆምኩት ዓመተ ምሕረቱ ላይ ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1841፣ ካፒቴን ሃሪስ የሚባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ አንኮበር ገብቶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ተፈራርሟል። አንኮበር ከእኛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ማዶ ኬኩ በስኳር ሲለበስ፣ እዚህ የንጉሡ ግብር ላይ ማሩ ጠጅ ሆኖ ይቀርባል። ሁለቱ ቤተ መንግሥቶች በአንድ ዓመት ልዩነት እንዲህ መቀራረባቸውን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል።

እሺ፣ አሁን ዋናው ነገር። ጾም።

ኩኪሱን አብዝተው የሚጠይቁኝ ለገና ነው። የገና ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ በዓሉ ነው። እንቁላል የለም፣ ቅቤ የለም። ይህ ማለት እማዬ ወር ከግማሽ ያህል ቤቷ ውስጥ ጣፋጭ ሲሠራ እያየች አትቀምስም። ሌላውም ጾም እንደዚያው ነው። እሷ ቅር አላላትም፣ ለእሷ ጾም ጾም ነው። ቅር ያለው እኔን ነው። እጅ ያስተማረችኝ ሰው የሠራሁትን ሳትቀምስ ለሰው እየጠቀለልኩ እልካለሁ። እሷ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ ሪባኑን ትይዝልኛለች።

የፈረንጅ ሀገር እንስሳት ነክ ምግብ የማይበሉ ሰዎች የሽምብራ ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ እንደሚመቱ የሰማሁት አምና ነው። አላመንኩም ነበር። ሽምብራ! ምንጃር የሚያህል የሽምብራ ሀገር እያለን፣ በየጾሙ ንፍሮ እየቀቀልን፣ ውሃውን ዕድሜያችንን በሙሉ ስንደፋ ኖርን ማለት ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ሽምብራውን ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉት፣ በአዲስ ውሃ ቀቅሉ። ጨው አታድርጉ፣ ይህን አትርሱ። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ውሃችን የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቆላ ካለው ሰው ይልቅ ብዙ ትጠብቃላችሁ። ሲበስል ንፍሮውን አውጥታችሁ ብሉ፣ ውሃውን እሳት ላይ መልሱት። እየተነነ ወፈር ብሎ እንደ እንቁላል ነጭ ዝልግልግ ሲል አውርዱት። ከዚያ ይቀዝቅዝ። እኔ በረንዳ ላይ ነው የማሳድረው፣ ጠዋት ረግቶ ይጠብቀኛል።

አራት የሾርባ ማንኪያውን ከትንሽ ሎሚ ጋር ስትመቱት አረፋው ይነሳል፣ ነጭ ይሆናል፣ ይቆማል። ውሃው ውስጥ ከሽምብራው የወጣ ፕሮቲንና ሌላም አረፋ የሚሠራ ነገር አለ። ወደ 400 ግራም ስኳር ቀስ በቀስ ትጨምራላችሁ። የሽምብራው ሽታ ይሰማኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ሎሚውና ጠብ የማደርግበት ቫኒላ ያጠፉታል። ከእንቁላሉ ትንሽ ይለያል። ይበልጥ ይሰባበራል፣ ለመድረቅም ይዘገያል፣ እርጥበት ጨርሶ አይወድም። ለክረምት አልመክረውም። ለታኅሣሥ ግን እዚህ ከተማ ምንም አይወጣለትም። ኩኪሱን ራሱን በዘይትና በቀረፋ ነው የምጋግረው፣ እሱ ቀላል ነው።

የመጀመሪያውን የሠራሁት አምና በዚሁ ወር ነው። ለማንም አልተናገርኩም። በአንዱ ኩኪስ ላይ የእማዬን የሠርግ ቀሚስ ጥልፍ ሣልኩ፣ ሣጥን ውስጥ ያለውን፣ መስቀሉን ከነሐረጉ። በማግስቱ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ሰሃኑን ፊቷ አስቀመጥኩት። «ልጄ፣ ጾም እኮ ነው» አለች። «የጾም ነው እማዬ፣ የትናንቱ ንፍሮ ውሃ ነው» አልኳት። ሳቀች፣ የምቀልድ መስሏት። ምጣዱን፣ ድስቱን፣ የቀረውን ውሃ ሁሉ አሳየኋት። ኩኪሱን አነሳችና የጥልፉን መስመር በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ዳሰሰችው፣ ፈትል እንደምትመረምረው። ጥልፍ ያለውን መልሳ አስቀመጠችው። ምንም ያልተሣለበትን ነጩን አነሳችና በላችው። ሁለተኛውን ሲኒ ስቀዳላት ደግሞ ሌላ አነሳች።

ባለ ጥልፉ አሁንም ቁም ሣጥኗ ውስጥ በመሃረብ ተጠቅልሎ አለ። አንድ ዓመት ሆነው። ብርሃን ካልነካውና እርጥበት ካላገኘው ቀለሙም አይለቅም።

ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ያሉት 40ዎቹም የጾም ናቸው። ለሰፈራችን የጽዋ ማኅበር ነው፣ ነገ ጠዋት ይወስዷቸዋል። ከ40ዎቹ ሦስቱን ዳራቸውን ያጠረችው እማዬ ናት። ማታ ንፍሮውን ስታወጣ ቆይታ መጣችና «እስቲ አምጪው» አለችኝ። ከረጢቱን እንዴት እንደሚያዝ ላሳያት ስል እሷ ይዛው ነበር። ከፍ አደረገችው፣ ለቀቀችው። ሦስቱን ዳር ላይ ለብቻ አድርጌያቸዋለሁ። መብራቱ ሥር አሁን እያየኋቸው ነው። መስመራቸው ከኔ ይቀጥናል።